ዕረፍት የማያሳርፋት ሴት

የተከበራችሁ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

በዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤት የሚጠብቃችሁን ሥራ ትታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ አሁንም ስልካችሁን ጨብጣችሁ፣ ልጅ ወይም አለቃ ይደውል ይሆን እያላችሁ እንደተቀመጣችሁ አያለሁ፤ ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

በአንዲት ሴት ልጀምር። ታሪኳን የምነግራችሁ በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ ለውጫለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘችው እየሠራችና ሁለት ልጆች እያሳደገች ነው፤ ታናናሾቿን አስተምራለች፤ የእናቷን የሕክምና ወጪ የምትሸፍነውም እሷ ናት። ለዓመታት «ጨጓራዬን» ስትል ኖራ በኢንዶስኮፒ ብትታይ ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሟ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት ስለነገራት የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሐዋሳ ወረደች። በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቡና አዝዛ ቁጭ እንዳለች ልቧ ይደልቅ ጀመር፤ እጇን አላበው፤ አንድ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው የሚል ስሜት ያዛት። አራት ቀን ሳይሞላት አዲስ አበባ ተመለሰች፤ ቢሮዋ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ልቧ ረጋ። ለሥነ ልቦና ሕክምና እኔ ዘንድ በመጣች ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ማረፍ እንኳን የማይሆንልኝ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» የሚል ነበር።

ሰውነታችን አደጋ ሲመጣበት የሚያነቃው ሥርዓት አለው። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በሴኮንዶች ውስጥ ልብን ያፈጥናል፤ ኮርቲሶል የተባለው ሌላ ሆርሞን ዘግየት ብሎ ይከተልና ለረዘመ ትግል ስንቅ ያቀርባል፤ ምግብ መፍጨትን የመሰለ ሊቆይ የሚችል ሥራ ደግሞ ለጊዜው ይቀዘቅዛል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ቤት ያደገች ልጅ ግን «አሁን አልፏል» የምትልበት ሰዓት የላትም። ይህች ሴት ያደገችው አባቷ ማታ በሩን ከሚከፍትበት ድምፅ የዚያን ሌሊት ዕጣ በሚታወቅበት ቤት ነው። ድምፁ ከከፋ ታናናሾቿን ቶሎ አብልታ የምታስተኛው፣ እናቷን ከፊቱ ዞር የምታደርገው እሷ ነበረች፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነቅታ በጠበቀች ማታ ቤቱ ደኅና ያድር ነበር፤ ጨዋታ ይዟት በተዘናጋች ማታ ግን እናቷ ተመታች። ሰውነቷ ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፤ መዘናጋት አደጋ ነው። ሐዋሳ ላይ ያስደነገጣት ይህ የቆየ ትምህርት እንጂ ሐይቁ አልነበረም።

ልብ በሉልኝ፤ ያስመሰገናትም ይኸው ትምህርት ነው። ስብሰባ ላይ ማን ሊቆጣ እንደተቃረበ ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፤ ስሕተት ሳይፈጠር ይታያታል፤ የሌላው ሰው ጉድለት ሳይነገራት ትሞላለች። መሥሪያ ቤቷ «ብቁ»፣ ዘመዶቿ «ቻይ» ይሏታል። ችሎታውና ጠባሳው ከአንድ ሥር ስለበቀሉ፣ ጠባሳውን ከነኩባት ችሎታዋም አብሮ የሚሄድ ይመስላታል፤ ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና ከመምጣት የሚያዘገያቸው ትልቁ ፍርሃት ይህ እንደሆነ በሥራዬ አይቻለሁ።

እኛ ይህን ኑሮ የምንጠራበት ቃል አለን፤ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ያላለቀሰች፣ ያልተናገረች፣ ገመና የሸፈነች ሴት በዚህ ቃል ትመሰገናለች። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ግን ነገሩ የት እንደሚፈጅ አውቀውት ነበር፤ ይህች ሴት ሆዴን ብላ ነውና የመጣችው።

ነገሩ የተማረችና የተሳካላት ሴት ችግር ሊሆን አይችልም ለሚሉ አንድ ጥናት ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን ማሳተም የጀመረው የአሜሪካውያኑ ሐኪሞች የቪንሰንት ፌሊቲና የሮበርት አንዳ ጥናት በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ከ17,000 በላይ ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቋል። ተጠያቂዎቹ የጤና መድን ያላቸው፣ ብዙዎቹም ኮሌጅ የገቡ ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በልጅነታቸው ቢያንስ አንድ ከባድ መከራ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ የመከራው ዓይነት በበዛ ቁጥርም በጎልማሳነት የልብ ሕመሙም ድብርቱም በዝቶ ተገኝቷል። ዲግሪ ያለፈውን አይሽረውም።

በሌላ በኩል የደከመች ሴት ሁሉ ትራውማ፣ ማለትም ካለፈ ከባድ መከራ የቀረ የውስጥ ጠባሳ፣ አለባት የሚል አባባል እንዳይስፋፋ እሰጋለሁ። አንዳንዷ የደከማት ደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ስላለባት ነው፤ ስለዚህ አስቀድማ ደሟን ትመርመር። አንዳንዷ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ስለምትሠራ፣ ቤት ስትገባም የሚያግዛት ስለሌለ ደክማለች፤ እሷ የሚያስፈልጋት ሥራውን የሚካፈላት ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን፣ ማለትም ከሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል፣ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ የመዘገበው በከንቱ አይደለም። ሥራው ሲቀልላት የምታገግም ሴት አለች፤ ሥራው ሲቀልላት የምትታመም ሴት ደግሞ አለች። እኔ የምናገረው ስለ ሁለተኛዋ ነው።

ትራውማን ያገናዘበ ሕክምና የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። «ምን ጎደለሽ?» ማለቱን ትቶ «ምን ደረሰብሽ?» ይላል። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 የማገገሙን መንገድ በሦስት ደረጃ አስቀምጣዋለች፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ወደ ሰውና ወደ ኑሮ መመለስ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግዴታ ነው እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም አውጪው፣ ይቀልልሻል» የሚል ባለሙያ ማሰሪያ ሳያዘጋጅ ቁስል እንደሚፈታ ሰው ነው። ደኅንነት ስል ትንንሹን ነገር ጭምር ነው፤ በሩ የሚታያት ወንበር ላይ መቀመጧን፣ «ይብቃኝ» ስትል ንግግሩ መቆሙን። በእኛ ከተማ ደግሞ የባለሙያው እህት የባሏ ዘመድ ሆና ልትገኝ ስለምትችል፣ የተናገረችው ከክፍሉ እንደማይወጣ በቃልም በተግባርም ልታይ ይገባታል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ይህች ሴት ማስታወሻ ደብተር ይዛ ትመጣ ነበር። ከሰዓቷ አምስት ደቂቃ ቀድማ ትደርሳለች፤ የቤት ሥራ ትጠይቃለች። በሦስተኛው ሳምንት የሰጠኋትን የአተነፋፈስ ልምምድ በቀንና በሰዓት ከፋፍላ፣ በሰንጠረዥ ሠርታ አመጣችልኝ። እኔም ሳላስብ «ጎበዝ» አልኳት፤ ፊቷ በራ። ማታ ቤቴ ስገባ ነው የገባኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳለች አባቷን ታረጋጋ እንደነበረው አሁን እኔን እያረጋጋች ነበር፤ ሕክምናውን አንደኛ የምትወጣበት ፈተና አድርጋዋለች፤ እኔም ውጤት ሰጥቻታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ነግሬያት ይቅርታ ጠየቅኋት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለችና አለቀሰች፤ ከዚያም «ታዲያ ካላስደሰትኩሽ ለምን ታይኛለሽ?» አለችኝ። ሕክምናው የተጀመረው ያን ዕለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍትን እንደ መድኃኒት በመጠን መስጠት ጀመርን። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ እግሮቿ ወለሉን ሲረግጡ እየተሰማት፣ ከምትስበው ይልቅ የምታስወጣውን ትንፋሽ እያረዘመች፣ ምንም ሳትሠራ ትቀመጣለች። ልቧ ሲደልቅ አናባርረውም፤ «ይህ የያኔው ነው» ብላ ትለየዋለች። ከዚያ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር። ሰውነቷ ይህን መሸከም ከቻለ በኋላ ነው ወደዚያ በር ድምፅ የተመለስነው። ለዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለትራውማ ሕመም ከመከራቸው ዘዴዎች አንዱን፣ ፍራንሲን ሻፒሮ የጀመረችውንና ትዝታን ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር አያይዞ የሚያክመውን ኢኤምዲአር ተጠቅመናል።

በመንገዱ ሁሉ የንስሐ አባቷን አልተወችም፤ ጸበልም ትጠመቅ ነበር። ሴትን ከእምነቷና ከሕክምናዋ አንዱን ምረጪ የሚል ባለሙያ፣ ማረፊያዋን ሊነጥቃት እንደሚታገል ይወቅ። ባሎችና ወንድሞችም እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፤ «እሷ ትችለዋለች» ከማለታችሁ በፊት ትፈልገው እንደሆነ ጠይቋት።

ሕክምና ከጀመርን አሥራ አንደኛው ወር ላይ ይህች ሴት ለብቻዋ ሐዋሳ ተመልሳ ሄደች። ያችኑ የሐይቅ ዳር ቦታ መርጣ ተቀመጠች፤ ቡና አዘዘች። ልቧ ልክ እንደ በፊቱ መደለቅ ጀመረ። አልተነሣችም፤ እግሮቿን መሬት ላይ ተክላ ዓሣ አጥማጆቹን እያየች ቆየች። እኔ ጋ ስትመለስ የነገረችኝ ስለ ልቧ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናዋ በእጇ ላይ ሳይጠጣ እንደቀዘቀዘባት ነበር።

አመሰግናለሁ።