ደርግ ያልሰረዘው ሕግ

(በስክሪን ላይ፦ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ)

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ሲያወርድ የንጉሡን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዳለ ተወው። ፍርድ ቤቶችም ሥራቸውን ይቀጥሉ አለ። ታዲያ ሕጉም ፍርድ ቤቱም እያለ ያ ሁሉ ሰው እንዴት ያለ ፍርድ ተገደለ? ዛሬ የምናየው ይህንን ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ሕግ እንወቀው። ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ጀምሮ ተሠራበት። ሁለት አንቀጾቹን ያዙልኝ። አንቀጽ 2 ሕግ ወንጀል ያላለውን ነገር ዳኛ ከራሱ አምጥቶ ሊቀጣበት አይችልም ይላል። አንቀጽ 281 ደግሞ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ይመለከታል። ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን አላካተተም። የእኛ ሕግ ግን እነሱንም ጨምሮ ይጠብቃል። በንጉሥ ዘመን፣ የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ አንቀጽ መጻፉ ሁሌም ይገርመኛል።

(በስክሪን ላይ፦ አዋጅ ቁጥር 1/1967)

አሁን ወደ አዋጅ ቁጥር 1 እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማው ተዘጋ። ከዚያ አንድ ድንጋጌ ገባች። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን ዓላማ መቃወም፣ ሥራ ማቆም፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብም ሆነ ሰልፍ መውጣት ክልክል ነው። ይህን የተላለፈ ሰው በልዩ የጦር ፍርድ ቤት ይዳኛል፤ ይግባኝ የለውም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። «ኢትዮጵያ ትቅደም» መስከረም 2 ላይ ምን ማለት ነበር? መፈክር ነው። ደርግ «የኢትዮጵያ ኅብረተሰባዊነት» ብሎ ይዘቱን ያወጀው ታኅሣሥ 11 ነው። በመካከሉ ባሉት ሦስት ወራት ሰው ገና ያልተብራራ ሐሳብ ተቃወመ ተብሎ ወታደር ፊት ሊቀርብ ይችል ነበር። አንቀጽ 2 ወረቀቱ ላይ አለ፤ ነፍሱ ግን የወጣችው ያን ቀን ነው።

ኅዳር ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። አዋጅ ቁጥር 7 ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። አዋጅ ቁጥር 8 ደግሞ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣ። ከአሮጌው ሕግ ጎን ሌላ ሕግ፣ ከአሮጌው ፍርድ ቤት ጎን ሌላ ፍርድ ቤት ቆመ ማለት ነው። ሌባው፣ ቤተሰቡ፣ የድንበር ጠቡ በቀድሞው መንገድ ሄደ። መንግሥትን የሚነካው ጉዳይ ወደ አዲሱ ተወሰደ።

ከዚያ ኅዳር 14 መጣ። ሁለቱ አዋጆች ከወጡ አንድ ሳምንት ያህል ቢሆን ነው። በዚያች ሌሊት የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ ሌሎችም ከርቸሌ ውስጥ ተረሸኑ። የደርጉ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ልውውጥ ሞቱ። እነዚህ ናቸው «ስድሳዎቹ» የሚባሉት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ሊቀመንበርነት የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ነበር። የወሎን ረሃብ ማን ደበቀው፣ ባለሥልጣናቱ በሥልጣናቸው ምን ሠሩበት እያለ ይመረምር ነበር። ብዙ ሰው መልሱን ይጠብቅ ነበር፤ እውነትም በሕግ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች ነበሩ። ግን ምርመራው ሳያልቅ ተገደሉ። ደርግ እነሱን አዲስ ባቋቋመው የጦር ፍርድ ቤት እንኳ አላቀረባቸውም። ለሕዝቡ የተነገረው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነው ተብሎ ነው። የረሃቡ ተጎጂ ፍትሕ አላገኘም፤ የሟቾቹ ልጆችም አባታቸው በምን ጥፋት እንደሞተ ከዳኛ አልሰሙም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ልዩ ሕጉ በ1968 ተሻሽሎ ሸቀጥ የደበቀን፣ ዋጋ ያስወደደን፣ ምርት ያሰናከለን ነጋዴና ሠራተኛም ያካትት ጀመር። በ1969 አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌዎችን አጠናከረ። ቀበሌው የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ የራሱ የአብዮት ጥበቃ ጓድም ነበረው። ዳኛውም ጠባቂውም የሰፈር ሰው ነው። ያ ዓመት ሳያልቅ መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሰበረ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶቹም «ነፃ እርምጃ» እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ነፃ እርምጃ ክስ የለውም፣ ማስረጃ የለውም፣ ይግባኝም የለውም። ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ያደረበትን ጊዜ ቤተሰቦቻችን ያውቁታል።

(በስክሪን ላይ፦ አንቀጽ 281)

ደርግ በ1983 ወደቀ። በ1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ችሎቱም በ1987 ተጀመረ። ዐቃቤ ሕግ ዋናውን ክስ የመሠረተው ደርግ ሳይሰርዘው በተወው በ1949ኙ ሕግ፣ በአንቀጽ 281 ነው። ኢሕአፓን የመሰሉ ቡድኖች አባላትን ለማጥፋት የተደረገው ዘመቻ በዚያች «የፖለቲካ ቡድን» በምትል ቃል ሥር ገባ።

ተከላካዮቹም ዝም አላሉም። ደርግ ያወጣቸው አዋጆች የፖለቲካ ቡድኖችን ጥበቃ ሽረውታል ብለው ተከራከሩ። ከዳኞቹ አንዱ በዚህ ነጥብ ተስማምቶ በሐሳብ ተለየ። አብላጫው ግን አልተቀበለውም። እኔም ከአብላጫው ጋር ነኝ፤ ገዳይ ራሱ ባወጣው አዋጅ ከግድያ ነፃ ከወጣማ የትኛውም መንግሥት አይጠየቅም።

መንግሥቱ ዚምባብዌ እንደተቀመጠ ታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ተባለ፤ በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የ1949ኙ ሕግ ራሱ ከግንቦት 1997 ጀምሮ በአዲስ የወንጀል ሕግ ተተክቷል። በአዲሱ ሕግ የዘር ማጥፋት አንቀጽ 269 ሆኗል፤ የፖለቲካ ቡድንም ከተጠበቁት መካከል አሁንም አለ።