የልጆች መረጃ ከስልክ እንዳይወጣ፦ ለጎንደር አፕ አልሚዎች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ የአፕ አልሚዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ፊደል ማስተማሪያ ይሁን የሒሳብ ጨዋታ ወይም ተረት ማዳመጫ፣ ለልጅ የሚሆን አፕ ስንሠራ የምንጨነቀው ለሥዕሉ፣ ለድምፁና ለአፑ መጠን ነው። የልጁ መረጃ ትዝ የሚለን ፕሌይ ስቶር አፑን ውድቅ አድርጎ ሲመልስብን ነው። ያኔ ደግሞ አካውንቱም፣ ዳታቤዙም፣ ማስታወቂያውም ተያይዞ ስለሚሆን አንዱን ሲነኩት ሌላው ይፈርሳል።

ዛሬ አጥብቀን ልንነግራችሁ የመጣነው አንድ ነገር ነው። እኛ ባለንበት ሁኔታ የወላጅ ፈቃድ እየጠየቁ የልጅ መረጃ ከመሰብሰብ ይልቅ ከመጀመሪያው ምንም የማይሰበስብ አፕ መሥራት ይቀላል። ለልጁም የሚበጀው እሱ ነው። ምክንያታችንን ከሕጉ እንጀምር።

«የአሜሪካ ሕግ ጎንደር ያለ አልሚን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል። ኮፓ የሚባለው የአሜሪካ የልጆች ኦንላይን ግላዊነት ጥበቃ ሕግ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ2000 ጀምሮ እየተሠራበት ነው፤ የሚጠብቀውም ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። የሚያስፈጽመው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚያየው አልሚው የት ይኖራል የሚለውን ብቻ አይደለም፤ አፑ አሜሪካ ላሉ ልጆችም የተዘጋጀ ከሆነ ውጭ አገር ያለ አልሚም ይጠየቃል። የአማርኛ ፊደል ማስተማሪያ ደግሞ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወላጆች አጥብቀው የሚፈልጉት አፕ ነው። የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ሕግ (ጂዲፒአር) በልጁ በራሱ ፈቃድ መረጃ ለመሰብሰብ 16 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃል፤ አገሮቹ እስከ 13 ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይደነግጋል። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁን አውርዳችሁ አንብቡት፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በሚዞረው ማጠቃለያ አትርኩ።

ቅጣቱን ለማወቅ ያህል፣ ጉግልና ዩቲዩብ በ2019 እ.ኤ.አ. 170 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤፒክ ጌምስ በ2022 ኮፓን በመጣስ ክስ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። እናንተን ግን ከዚህ ቀድሞ የሚደርስባችሁ አፑ ከስቶር መነሳቱ፣ ሲደጋገምም የአልሚነት አካውንታችሁ መዘጋቱ ነው።

«መረጃ» ሲባል ብዙዎች ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ይመስላቸዋል። በኮፓ የልጁ ፎቶ፣ ድምፁ ያለበት ቅጂ፣ መንገዱንና ከተማውን ለማወቅ የሚበቃ የቦታ መረጃ፣ ልጁን ከአፕ አፕ ለመከታተል የሚያስችል የስልክ መለያ ቁጥር ሁሉ የግል መረጃ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ደንብ እንደ ጣት አሻራና የፊት ቅርጽ ያሉ የሰውነት መለያዎችም ተጨምረዋል።

አሁን ብዙ ጥፋት ወደሚፈጠርበት ቦታ እንግባ። አብዛኛው መረጃ የሚወጣው እናንተ በጻፋችሁት ኮድ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ባመጣችሁት ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ማለትም ላይብረሪ ነው። አንድ አልሚ ስንት ሰው አፑን እንደሚከፍት ለማወቅ ብቻ የጉግልን የአጠቃቀም መከታተያ፣ ፋየርቤዝ አናሊቲክስን ይጨምራል። ላይብረሪው የማስታወቂያ መለያ ቁጥር የማንበብ ፈቃድ ይዞ ይገባል። አልሚው በራሱ ማኒፌስት (አፑ የሚፈልጋቸው ፈቃዶች በሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ይህን ፈቃድ አልጻፈም፤ ግን ኮዱ ወደ አፕ ሲቀየር፣ ማለትም ቢልድ ሲደረግ፣ የላይብረሪዎቹ ማኒፌስት ከእሱ ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ማኒፌስቱን ክፈቱና ከሥር «መርጅድ ማኒፌስት» የሚለውን ትር ተጫኑ። እያንዳንዱ ፈቃድ ከየትኛው ላይብረሪ እንደመጣ ያሳያችኋል። «ኤዲ አይዲ» (የማስታወቂያ መለያ) የሚል ካገኛችሁ በራሳችሁ ማኒፌስት ላይ ያንኑ ፈቃድ ጻፉና «ሪሙቭ» የሚል ምልክት ስጡት፤ በሚቀጥለው ቢልድ ይወጣል። የፕሌይ ስቶር የቤተሰብ ፖሊሲ ለልጆች ብቻ የተዘጋጀ አፕ ይህን መለያ፣ የሲም መለያ ቁጥርን፣ የስልኩን መለያ ቁጥር አይኤምኢአይንና የዋይፋዩን ስም እንዳይልክ ይከለክላል። የቦታ ፈቃድም መጠየቅ አይችልም።

ማስታወቂያ ካስገባችሁ ለቤተሰብ አፕ ብቁ መሆናቸው በተረጋገጠ የማስታወቂያ ላይብረሪዎች ብቻ ተጠቀሙ። በጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት በአድሞብ ላይ «ይህ ለልጆች ነው» የሚለውን ምልክት የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከመጠራቱ በፊት አብሩ። ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ምልክቱ ዘግይቶ ከበራ የመጀመሪያው ጥያቄ ያለ ምልክት ሄዷል፣ አይመለስም። በአፕል በኩል ነገሩ ጠበቅ ይላል፤ የልጆች ምድብ ውስጥ የገባ አፕ ከጥቂት ውስን ሁኔታዎች በቀር የሦስተኛ ወገን ማስታወቂያና አናሊቲክስ ማስገባት የለበትም፣ ወደ ውጭ የሚወስድ ሊንክም ወላጅ ብቻ በሚያልፈው በር ጀርባ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ዕድሜ። አፑ ልጆችንም አዋቂዎችንም የሚያስተናግድ ከሆነ ዕድሜ መጠየቅ ግድ ይላል። ጥያቄው መልሱን የሚጠቁም መሆን የለበትም። «ከ13 ዓመት በላይ ነህ?» ከተባለ ልጅ ሁሉ «አዎ» ይላል። የልደት ዓመት ጠይቁ፤ ተመልሶ ቁጥሩን ቀይሮ እንዳይገባም መልሱን ስልኩ ላይ አስቀምጡ። እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት፣ በውጭ መመሪያ የማታገኙት ስህተት አለ። ልጁ የልደት ዓመቱን የሚያውቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ኮዱ የሚያሰላው ግን በፈረንጆቹ ከሆነ በልጁ ዕድሜ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ የስምንት ዓመቷ ሕፃን የ15 ወይም የ16 ዓመት ወጣት ሆና ትገባለች። ከዚያ በኋላ የአዋቂ ማስታወቂያና መከታተያ ሁሉ ይከፈትባታል፣ አልሚውም ምንም አያውቅም። የመምረጫውን አቆጣጠር በግልጽ ጻፉ፣ ስሌቱንም ለሁለቱም አቆጣጠር ሞክሩት። አፑ በዋናነት ለልጆች ከሆነ ግን ዕድሜ ጠይቆ ልጁን ከደጅ መመለስ አይቻልም፤ ሁሉንም እንደ ልጅ ማስተናገድ ነው።

ወደ ወላጅ ፈቃድ ስንመጣ፣ ኮፓ ከሚቀበላቸው መንገዶች መካከል ወላጅ ፈርሞ የሚልከው ቅጽ፣ ግብይት የሚፈጸምበት የክሬዲት ካርድ፣ የቪዲዮ ጥሪና መታወቂያ ማመሳከር ይገኙበታል። መረጃው ለሌላ ወገን የማይሰጥ ከሆነ በኢሜይል ጠይቆ በሁለተኛ መልእክት ማረጋገጥ ይበቃል፤ በ2025ቱ ማሻሻያ ይኸው በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ተፈቅዷል። እነዚህን እዚሁ ጎንደር ወደ አራዳ ወይም ወደ አዘዞ አንድ ቤት ውሰዷቸው። ክሬዲት ካርድ የለም። ኢሜይሉ ስልኩ ሲገዛ ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ነው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውሰው የለም። መልእክቱ የሚደርሰው ልጁ እየተጫወተበት ባለው በእናቱ ስልክ ላይ ነው፤ «እሺ» ብሎ የሚመልሰውም ራሱ ነው። ስድስት በሰባት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የወላጅ በርም የአራተኛ ክፍል ተማሪን አያቆምም፤ ያ በር ሊንክ ለመሸፈን እንጂ ፈቃድ ለመቀበል የተሠራ አይደለም። ፈቃድ ባያስፈልጋችሁ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ሳይሰበስቡ መሥራት ደግሞ ይቻላል። የፊደል አፑ ልጁ «ቀ»ን እንዴት እንደሚጠራ ለመስማት ከፈለገ ድምፁ እዚያው ስልኩ ላይ ይቀዳ፣ ይነጻጸር፣ ይጥፋ። ከስልኩ ያልወጣ ድምፅ በኮፓ እንደተሰበሰበ አይቆጠርም። ውጤትም እዚያው ይቀመጥ፤ የአንድሮይድ አውቶማቲክ ባክአፕንም አጥፉ፣ አለበለዚያ ፋይሉ ወደ ጉግል አካውንት ይሄዳል። የውጤት ሰንጠረዥ ካላችሁ ስም የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን አታስገቡ። ልጆቻችን ስም ሲጠየቁ ከነአባታቸው ነው የሚጽፉት፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤቱንና ክፍሉንም ይጨምርበታል። በእኛ ከተማ ስም ከነአባት፣ ከዚያ «ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ዝቅ ብሎ» ከተባለ ልጁን ለማግኘት ካርታ አያስፈልግም። በሳጥኑ ፈንታ ዝግጁ ስሞች ስጡ፤ ከሰሜን ተራሮች ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ ከቁጥር ጋር ይበቃል። ልጆች ሲመርጡት ደስ ይላቸዋል።

የፕሌይ ኮንሶል የዳታ ደኅንነት ቅጽን ስትሞሉ የላይብረሪዎቹንም ድርጊት ጨምራችሁ መልሱ። «ምንም አንሰበስብም» ብላችሁ አፑ ሲበላሽ ሪፖርት (ክራሽ ሪፖርት) የሚልክ ላይብረሪ ውስጥ ካለ ቅጹ ሐሰት ሆነ። አካውንት የሚያስከፍት አፕ ከሆነም ተጠቃሚው ከአፑ ውስጥም፣ አፑን ካጠፋ በኋላም በድረ ገጽ መሰረዝ መቻል አለበት።

ለስቶሩ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ስልኩ ላይ አፖች የሚጠሯቸውን ሰርቨሮች የሚያሳየውን ፒሲኤፒድሮይድን ጫኑ፤ ሩት (የስልኩን ሙሉ ቁጥጥር መክፈት) አያስፈልገውም። ቀረጻውን አስጀምሩ፣ አፑን ክፈቱ፣ ከዚያ ምንም ሳትነኩ 30 ሰከንድ ጠብቁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አፑ የጠራቸው ሰርቨሮች ስም አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ይዘቱ የተመሰጠረ ቢሆንም ስሙ ብቻ ብዙ ይናገራል። ከዝርዝሩ ውስጥ «ይህ ለምን ተጠራ?» ተብሎ መልስ የማይገኝለት ሰርቨር ካለ የጠራው ላይብረሪ እስኪታወቅ ድረስ አፑ አይላክ።

ከሻይ እረፍት በኋላ ይህንኑ በየራሳችሁ አፕ ላይ አብረን እንሠራለን። ላፕቶፕና የዩኤስቢ ገመድ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የሌላችሁ ካላቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ሁኑ። በመርጅድ ማኒፌስቱ እንጀምራለን። እናመሰግናለን።