ምግብ ቤት ያለው ሙዚየም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ለንደን ወዳለው ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚወስደን ከመቅደላ የተዘረፉት ቅርሶች ጉዳይ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን የተሰጠችኝን አጭር ጊዜ ለምግብ ቤቱ ላውላት ነው። ምሳችንም እዚያው ስለሆነ ዋጋውን ስታዩ እንዳትደነግጡ አደራ።

በዓለም ላይ በሙዚየም ውስጥ ምግብ ቤት በመክፈት ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ቤት ነው። በ1857 እ.ኤ.አ. በሳውዝ ኬንሲንግተን ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄንሪ ኮል አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ቀን ሲሠራ የሚውል ሰው ሙዚየም ማየት የሚችለው ማታ ነው። ስለዚህ አዳራሾቹን በጋዝ መብራት አበሩ። የማታው ጉብኝት ለመጠጥ ቤት ማርከሻ ይሆናል ብለውም ያምኑ ነበር። ከሥራ የመጣ ሰው ደግሞ ይርበዋል፤ የራበውን ሰው ሥዕል እይልኝ ቢሉት አይሰማም።

ኮል ግን ማብላቱ ብቻ አልበቃቸውም፤ መመገቢያው ራሱ የሚጎበኝ ይሁን አሉ። ከሦስቱ የመመገቢያ ክፍሎች አረንጓዴውን ለጌጥ ንድፍ ባለሙያው ለዊልያም ሞሪስ ድርጅት ሰጡ። ሞሪስ ያኔ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ስሙ ገና ያልገነነ ሰው ነበር። መካከለኛውን ጄምስ ጋምብል ከግድግዳ እስከ ዓምድ በሴራሚክ አለበሰው። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሴራሚክ በቀላሉ ይታጠባል። ቀና ካላችሁ፣ ሰው ከመብላትና ከመጠጣት፣ በድካሙም ከመደሰት የሚሻለው የለም የሚለውን የመጽሐፈ መክብብ ቃል ዙሪያውን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሦስተኛው የሠዓሊው የኤድዋርድ ፖይንተር ክፍል ነው። ሰማያዊውን ሴራሚክ የሣሉት ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ለሴቶች እንዲህ ያለ የአደባባይ ሥራ መስጠት ብርቅ ነበር። ሥጋ የሚጠበስበት ምድጃም እስካሁን አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሦስቱ ይሄኛው ይበልጣል።

ይሁንና ሠራተኛውን ለመጥራት የተሠራው ቤት ማዕዱን በደረጃ ከፈለው። ለአንደኛው ማዕረግ የጥንቸል ሥጋ፣ ለሁለተኛው እንቁላል በስፒናች፤ ለግንባታ ሠራተኞችና ለድሃው ጎብኚ ደግሞ ሦስተኛ ማዕረግ ነበረ።

ምግብ ቤቱ በ1939 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ክፍሎች ወጥቶ የተመለሰው በ2006 ነው። በመካከሉ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሙዚየሙ ራሱን "ደህና ሙዚየም የተቀጠለለት አሪፍ ካፌ" ብሎ አስተዋውቆ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እኔስ አስቆኛል።

የጋምብል ክፍል የተከፈተው በ1868 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1860 ዓ.ም.፣ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉበት ዓመት። ከአምባው የተዘረፉት የወርቅ ዘውድና ጽዋ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅም ቀሚስ ኋላ እዚሁ ቤት ገቡ። ዘውዱ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ቁስቋም የተሰጠ እንደሆነ ይታመናል። በ2018 እ.ኤ.አ. ለመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታዩ፣ የወቅቱ ዳይሬክተር በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ መላክ ይቻላል አሉ። ውሰት! የገዛ ንብረታችንን? ለድሃው ሠራተኛ እራት ያሰበ ተቋም ለባለንብረቱ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ሊያጣ አይገባም ነበር።

ምሳው ሰባት ሰዓት ላይ፣ በጋምብል ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ከሙዚየሙ ሰዎች ጋር ስንነጋገር ስለ ማስመለሱ ጥያቄ ያላችሁ በአማርኛም ቢሆን አንሡ፤ ልጆቻችን ያስተረጉማሉ። አመሰግናለሁ።