ትይዩ ዓለማትና የአንዲት ፎቶን ጣጣ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ስለ ትይዩ ዓለማት ላውራ ብዬ ነው፤ የምጀምረው ግን ከአንዲት ፎቶን፣ ማለትም ከአንዲት የብርሃን ቅንጣት ነው።

ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው፤ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ከማጣሪያው 30 ዲግሪ ዘመም ያለ ብርሃን አለን እንበል። ፎቶኖቹን አንድ በአንድ ስንልክ ከ1000ው 750 ያህሉ ያልፋሉ፣ የቀሩት ይዋጣሉ። ማክስ ቦርን በ1926 ያወጣው ደንብ ይህን ልክ ይነግረናል። ይቺኛዋ ፎቶን ታልፍ እንደሆነ ግን አይነግረንም።

የሽሮዲንገርን ቀመር፣ ማለትም ቅንጣትን የሚገልጸው ሞገድ በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገረውን የኳንተም ፊዚክስ ቀመር፣ ብቻውን ከተከተልን «አለፈች»ም «ተዋጠች»ም አብረው ይቀጥላሉ፤ መሣሪያውም ተመልካቹም አብረው ሁለት ይሆናሉ። እኛ የምናየው አንዱን ብቻ ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

የተለመደው መልስ «ሲለካ ሞገዱ ይሰበሰባል» የሚል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። መለካት የሚባለው የቱ ነው? መልስ የለም። ዴቪድ ቦም በ1952 ቅንጣቷ ሁልጊዜ የራሷ ቦታ አላት፣ የሚመራት ሞገዱ ነው አለ፤ ታዲያ እዚህ የሆነው ነገር ሩቅ ያለውን ወዲያው ይነካል። ሂው ኤቨሬት በ1957 ምንም አልጨመረም። «አለፈች»ም «ተዋጠች»ም፣ ሁለቱም ቅርንጫፍ እውነት ነው (ትይዩ ዓለማት የሚባሉት እነዚህ ናቸው) አለና ቀመሩን እንዳለ ተወው።

«ዓለማቱ በዙ» የሚለው ተቃውሞ ለእኔ ደካማ ነው። ከባዱ የዕድል ጉዳይ ነው። ቅርንጫፎቹ ሁለት ከሆኑ ግማሽ በግማሽ ማለት ነበረብን፤ ሙከራው ግን 75 በመቶ ይላል። ደጋፊዎቹ «ቅርንጫፍ አይቆጠርም፣ ክብደቱ ነው የሚታየው» ይላሉ፤ ክብደት የሚሉት ሞገዱ ለየቅርንጫፉ የሚሰጠውን ድርሻ ነው። እሺ፣ ክብደቱ ለምን ዕድል ይሆናል? የሰማኋቸው መልሶች አላረኩኝም። በነገራችን ላይ «እምቢ ያልኩበት ሌላ ዓለም አለ» የሚባለው ከዚህ አይወጣም፤ ዓለምን የሚከፍለው የእኛ ውሳኔ አይደለም።

እኔ የማደላው በሙከራ ሊወድቅ ለሚችለው ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጊራርዲ፣ ሪሚኒና ዌበር በ1986 ሞገዱ በራሱ ጊዜ ይሰበሰባል አሉ፤ ለአንዲት ቅንጣት በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት አንዴ፣ ለግዙፍ አካል ግን በቅጽበት። እንግዲያው ትልልቅ ሞለኪውሎችን መፈተን ነው። በ2019 በቪየና 2000 ያህል አተም ያላቸው ሞለኪውሎች የሞገድ ጥለት፣ ማለትም ሞገዶች ሲደራረቡ የሚፈጠረውን ጥለት፣ አሳይተዋል፤ ሞገዱ ገና አልተሰበሰበም ማለት ነው። ነገ ከዚያ በሚከብደው ላይ ጥለቱ ቢጠፋ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ከቀረ አየር ጋር የሚደረግ አንድ ግጭት፣ ወይም ሞለኪውሉ ራሱ የሚለቀው ሙቀት ያጠፋዋል። መጀመሪያ ቫኪዩሙና ሙቀቱ ይጣራ።