ከአሥር ሰባቱን ያሸነፈው ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ ከመነገድና ለክሪፕቶ ኮድ ከመጻፍ የቱ ይሻላል የሚለው ነው። ከጀርባ የሚሰማችሁ የጣና ንፋስ ነው፣ ታገሡት።

ከሳንቲም ልጀምር። ክሪፕቶውን አይደለም፣ የአንድ ብሩን ሳንቲም ነው የምለው። ባሕር ዳር ፖሊ ጊቢ ውስጥ 100 ተማሪ ሰብስባችሁ እያንዳንዱ 10 ጊዜ ሳንቲም ቢወረውር፣ 17 ያህሉ ሰባት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ አንበሳ ይወጣላቸዋል። ስሌቱ ከ1,024 ዕድል 176ቱ ነው። እነዚህ ልጆች ስለ ሳንቲም ከሌላው የተለየ የሚያውቁት ነገር የለም። ግን አንዱ ተነሥቶ የቴሌግራም ቻናል ይከፍትና «70 በመቶ ትክክለኛ ሲግናል» እያለ የግዛ-ሽጥ ጥቆማ ይሸጣል። የቀሩት 83ቱ ዝም ይላሉ፤ ከስሬያለሁ ብሎ ቻናል የሚከፍት የለማ።

ሳንቲም መወርወር እንኳ በነፃ ነው። ፊውቸርስ፣ ማለትም ክሪፕቶውን ሳይገዙ በዋጋው መውጣትና መውረድ ላይ የሚደረገው ግብይት፣ ያስከፍላል። 100 ዶላር ይዞ በ20 እጥፍ ሌቨሬጅ (በብድር አቅም) የገባ ሰው በእጁ ያለው የ2,000 ዶላር ግብይት ነው። ክፍያው ሲገባ 0.05 በመቶ፣ ሲወጣም 0.05 በመቶ ቢሆን፣ ድምሩ 2 ዶላር ይመጣል። ኢምንት ትመስላለች፣ ግን የራሱ ገንዘብ 100 ዶላር ስለሆነ 2 በመቶው ሄደ ማለት ነው። በቀን አምስት ጊዜ ቢገባና ቢወጣ፣ ዋጋው ንቅንቅ ሳይል 10 ዶላር ተበልቷል። ፈንዲንግ የሚባለው ደግሞ አለ፣ ግብይቱን ክፍት ካቆዩት አንዱ ወገን ለሌላው የሚከፍለው፣ ብዙ ገበያዎች ላይ በየ8 ሰዓቱ የሚታሰብ። ዋጋው ወደ 5 በመቶ በተቃራኒው ከሄደ ሊኩዊዴት ይሆናል፣ ማለትም ገበያው ግብይቱን በግድ ዘግቶ ያስያዘውን ይወስድበታል፤ እንዲያውም ገበያው መጠባበቂያ ስለሚይዝ 5 ሳይሞላ ይዘጋበታል። ቢትኮይን በአንድ ሌሊት 5 በመቶ ወረደ ቢባል ደግሞ ማንም አይደነቅም።

ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም «ዋጋው እዚህ ከወረደ ይሸጥ» የሚለውን ወሰን፣ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋስ? ይሄ እኛ ጋ የምር ጥያቄ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ ገበያው ግን ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። ትእዛዙ እዚያው ገበያው ላይ መቀመጥ አለበት። ያም ሆኖ ዋጋው በፍጥነት ሲወርድ ከጻፋችሁት በታች ሊሸጥ ይችላል።

እኔን ግን ከገንዘቡ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የከሰረው ለምን እንደከሰረ አያውቅም፤ ያተረፈውም እንደዚያው። ነገ ያንኑ ቻርት መልሶ ማምጣት አይችልም።

ኮድ ላይ ግን ስሕተትን መልሶ ማምጣት ይቻላል። ውጭ ላለ ደንበኛ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረ ክሪፕቶ) የሚመጣ ክፍያ የሚከታተል ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል። ዩኤስዲቲ ኢቴሬየምና ትሮን በተባሉት የክሪፕቶ መረቦች ላይ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ አለው፣ ቢኤንቢ ቼይን ላይ ግን 18። ሁሉንም በ18 አሃዝ ያሰላ ፕሮግራም ኢቴሬየም ላይ የመጣ የ50 ዶላር ክፍያ ዜሮ ብሎ ያሳያል። ቁጥሩን በእጅ አትጻፉት፣ ኮንትራቱን ራሱን፣ ማለትም መረቡ ላይ የተቀመጠውን የዩኤስዲቲ ፕሮግራም፣ ጠይቁት። ደግሞም የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ሳይዛነፍ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ነው፣ 16 አሃዝ። የኢቴሬየም ገንዘብ የሆነው አንድ ኢተር በትንሹ መለኪያው፣ በዌይ፣ ሲጻፍ 1 እና 18 ዜሮ ነው። ስለዚህ ትልልቅ ሙሉ ቁጥር የሚይዘውን ቢግኢንት ተጠቀሙ፤ ዳታቤዝ ውስጥም ገንዘብ በፍሎት (ነጥብ ባለው ግምታዊ ቁጥር) አይቀመጥም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ መስመር ሲቆራረጥ የክፍያው ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፣ ሂሳቡም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። የግብይቱን ሀሽ (መለያውን) ከሎግ ኢንዴክሱ (ከዝውውሩ ተራ ቁጥር) ጋር አጣምራችሁ ዩኒክ (የማይደገም) አድርጉት፤ ሁለተኛውን ዳታቤዙ ራሱ አይቀበለውም። ሀሹ ብቻውን አይበቃም፣ አንድ ግብይት ውስጥ ብዙ ዝውውር ሊኖር ይችላል። ክፍያው ብሎክ (የግብይቶች ጥቅል) ውስጥ ገባ ማለትም አለቀ ማለት አይደለም፤ ኢቴሬየም ላይ በየ12 ሰከንዱ ብሎክ ይወጣል፣ የማይቀለበስ እስኪሆን ግን 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይሄን ሁሉ የኢቴሬየም መሞከሪያ መረብ በሆነው ሴፖሊያ ላይ፣ ዋጋ በሌለው ኢተር ሞክሩት። ለያንዳንዱ ስሕተት አንድ ቴስት ከተጻፈ፣ ያ ስሕተት ተደብቆ አይመለስም።

ፕሮግራም መሥራትም ቢሆን ብቻውን አያጸድቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. ዘ ዳኦ የተባለው የኢቴሬየም ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር የተወሰደበት የሂሳብ ቀሪውን ከመቀነሱ በፊት ገንዘቡን ስለሚልክ ነበር፤ የቅደም ተከተል ጉዳይ። አገር ውስጥ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል፤ የሰው ገንዘብ የሚይዝ ዋሌት እዚህ ልክፈት የሚል ካለ እኔ አልመክረውም።

ጥንቃቄው ግን እንዳለ ወደ ብር ይዛወራል። ሐይቁ ዳር ለአሳ አስጋሪዎች ማኅበር የሂሳብ መዝገብ ብትሠሩ፣ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ አሳው በኪሎ ይመዘናል፣ ጠዋት ኔትወርክ የለም። ዋጋውን በሳንቲም፣ ክብደቱን በግራም፣ በሙሉ ቁጥር መዝግቡ። የሽያጩ መለያ ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ፣ መዝጋቢው «አስቀምጥ» ሲል ይፈጠር። ከሰዓት መስመር ሲመጣ ስልኩ ያችኑ የአምባዛ ሽያጭ ሦስት ጊዜ ቢልካትም፣ መዝገቡ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ትገባለች።