በደብረ ዳሞ ግድግዳ ውስጥ ያለው እንጨት

የተከበራችሁ አባቶች፣ የተከበራችሁ የቅርስ ባለሙያዎችና እንግዶች፤

ስለ ደብረ ዳሞ ሲነሳ ጨዋታው ሁሉ ገመዱ ላይ ያልቃል። ከአዲግራት በስተምዕራብ ያለው ይህ አምባ ዙሪያው ገደል ነው፤ መውጫውም 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ ዓለት። ወጪው አንዱን ጠፍር ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ ያንን መነኮሳት ከላይ ይስቡለታል። ሌላውን ጨብጦ ዓለቱን እየረገጠ ይወጣል። ሴት አትወጣም። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ እንደመሠረቱት ይነገራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1541 ፖርቱጋሎች ለእርዳታ ሲመጡ ንግሥት ሰብለ ወንጌል ከግራኝ አሕመድ ጦር ተጠልለው የነበሩት እዚሁ ነው።

እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ግድግዳውን ነው።

የዋናው ቤተ ክርስቲያን ርዝመት 20 ሜትር ገደማ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዩን ያያያዙት በጭቃ ነው። ጭቃ ብቻውን እንዲህ ያለ ግድግዳ አያጸናም፤ ክብደት ሲጫነው ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ ጥቂት ረድፍ ድንጋይ በደረደሩ ቁጥር በግድግዳው በውስጥም በውጭም ፊት ረጃጅም አግዳሚ እንጨት አጋደሙ። ሁለቱን አግዳሚዎች የሚያስረው አጭር እንጨት ነው፤ ግድግዳውን አቋርጦ አግዳሚው ላይ ይቆለፍና ጫፉ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው ይኸው ነው። ለጌጥ የተተወ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ማሰሪያው ቢወጣ ግን የግድግዳው ሁለት ፊት ይለያያል። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ይኸው ራስ በድንጋይ ተቀርጿል፤ በላሊበላ ቤተ አማኑኤልም የአግዳሚው ረድፍ ከዓለት ተፈልፍሏል። እነዚያ ምስል ናቸው፤ ዳሞ ላይ እንጨቱ ዛሬም ተሸክሟል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ውሃው በግድግዳው አናት ይገባል፤ ጭቃውን ያጥባል፤ አግዳሚውን ከውስጥ ያበሰብሳል። ደጅ ያለው ራስ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ ደህና መስሎ ያታልላል። ግድግዳው ሆዱን ሲነፋ ጉዳቱ ከቆየ በኋላ ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጭቃ በጭቃ፣ እንጨት በእንጨት ነው የሚተካው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ሕንፃውን ጠግነዋል።

በመግቢያው ክፍል ጣሪያ ላይ አንበሳ፣ ዝሆንና ሌሎች እንስሳት የተቀረጹባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ነው፤ ልክም ነው። ግን እነሱንም የሚያድናቸው ከበላያቸው ያለው ክዳን ነው። የጥገና ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ክረምት ሳይገባ መጀመሪያ ክዳኑ ይፈተሽ፤ ቀጥሎ የግድግዳው አናት፤ ቀለምና ጌጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።