ባልዲው ከመሙላቱ በፊት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቱሉ ዲምቱም ከኮዬ ፈጬም ታክሲ ቀያይራችሁ፣ እሁዳችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለምናከራያቸው ቤቶች ጥገና ነው የማወራው። በራሴ በደረሰው ልጀምር።

በ2014 ባለ አንድ መኝታዬን ለአንዲት ነርስ አከራይቼ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኪራዩ 8,000 ብር፣ አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም። አንድ ቀን ደውላ «ጋሼ፣ የወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ውኃ ያንጠባጥባል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። የሰፈራችንን ውኃ ታውቁታላችሁ፤ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ሌሊት ነው። ልጅቷ ከሥራ ደክማ ገብታ፣ ሌሊት እየተነሳች ባልዲ ስትደፋ ከረመች። ለካ የተበላሸው አንዲት ቀጭን ቱቦ ነበረች። እኔ በሄድኩ ጊዜ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ አብጦ፣ የሲንኩ ቁምሳጥን በስብሶ ነበር። በወሩ ለቀቀች።

ንዴቴን ኪራይ ላይ ልወጣ ብዬ 9,000 ጠየቅሁ። ቤቱ ሁለት ወር ባዶውን ተቀመጠ። 16,000 ብር ቀረብኝ ማለት ነው። በጨመርኳት አንድ ሺህ ያን ለማካካስ 16 ወር ያስፈልጋል። ቀለሙን፣ ደላላውንና የጎረቤቴን ኮርኒስ ሳልቆጥር። ከሁሉም በላይ ግን የሚቆጨኝ የልጅቷ እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ኪራይ ሲገባ ሁሉንም የኛ ነው አንበል። ከፊሉ የቤቱ ነው። እኔ አሁን ከየወሩ ኪራይ አንድ አሥረኛውን ለብቻው አስቀምጣለሁ። ሁለተኛ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁም አላችሁ። ቤቱ ባዶውን የሚቀመጥበት ጊዜ አለና፣ የዓመቱን ገቢ በ12 ወር ሳይሆን በ11 ወር አስሉት። ቤቱንም በክረምት እዩት። በጥር የታየ ቤት ሁሉ ያምራል፤ ጣሪያውም ፍሳሹም ማንነቱን የሚያወጣው በሐምሌ ነው።

ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በ1967 ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ወላጆች ያሏችሁ አላችሁና፣ የቤት አዋጅ ሲባል ለምን እንደምትደነግጡ ይገባኛል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ቤት አይወርስም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ነው የሚለው። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንግሥት በሚያወጣው የጭማሪ ጣሪያ ልክ ብቻ ነው። ይከብዳል የምትሉ አላችሁ፤ ኑሮው ሲወደድ እኔም ይከብደኛል። ግን ሁለት ዓመት የሚቆይ ተከራይ ለኛም እረፍት ነው። ውል ስትዋዋሉ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፉን ብዛት፣ የተሰነጠቀ መስታወት ካለም እሱን ጻፉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትለያዩ የሚያጣላችሁ ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ዛሬው አጀንዳ። የሥራ አመራሩ ያቀረበው ሐሳብ፣ አንድ የቧንቧና አንድ የመብራት ሠራተኛ በጋራ እንቅጠር የሚል ነው። ወርኃዊ መዋጮው ስንት ይሁን የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስልካቸው በተከራዮቻችን እጅም ይግባ። ሌሊት ቧንቧ ሲፈነዳ እኛ እስክንነቃ አይጠብቁ።

ጸሐፊያችን ወረቀቱን እያደለች ነው። ያልደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ጉባኤው ተከፍቷል።